ባዶው ፍሪጅ

በኛ ጊዜ፣ መብራት መካነ ሰላም በገባ ሰሞን ማለቴ ነው፣ እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር ደረሰብኝ፣ ስሙኝማ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጄ ከድጃ ከደሴ ፍሪጅ አስገዝታ ላከችልን። ታዲያ የኛን ብርድ ታውቁት የለ፣ የእንስራው ውሃ ራሱ ጥርስ ይነቅላል፣ ምን እንጨምርበት? ግን የልጅ ስጦታ ነው እና ሳሎን አቆምነው፣ ባለቤቴ ዘይነባም ዳንቴል አለበሰችው እና ባዶውን ያጉረመርም ጀመር።

ታዲያ የመብራቱ ሂሳብ በየወሩ እየጨመረ ሄደ እና ግራ ገባኝ። የጓዳውን አምፖል ፈታሁ፣ ያው። የደጁን ፈታሁ፣ ያው። ሬዲዮኑንም ወደ ባትሪ ድንጋይ መለስኩት፣ ያው። ዘይነባ በኩራዝ ራት እያቀረበች፣ መብራት አስገብተን ጨለማ ገባን ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው።

ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሲመጣ ያዝኩት። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ፍሪጁን ንቀሉት አለኝ።

"ባዶ ነው እኮ" አልኩት።

"ባዶም ቢሆን ይበላል፣ አባባ።"

ወላሂ ያሾፈብኝ መሰለኝ። አንድ እንቁላል እንኳ ያልገባበት ምን ይበላል? ደግሞስ እንዴት አድርጌ ልንቀለው? ከድጃ በደወለች ቁጥር ይሠራል ወይ ትላለች፣ እኔም ስልኩን አስጠጋላታለሁ እና ድምፁን ትሰማለች። ብነቅለው ልፋቷን የናቅሁባት እንዳይመስላት ፈራኋ።

ታዲያ አንድ ቀን ስትደውል እንደ ልማዴ ስልኩን አስጠጋሁት እና፣ ሰምቻለሁ፣ ይበቃል አለችኝ። እንዲያ ስትለኝ ጨነቀኝ እና የሂሳቡን ነገር ዘርግፌ ነገርኳት።

"ያጥፉት፣ አባ" አለችኝ። "እኔ እዚህ የምተኛው ኩሽና ነው፣ ከማዳሜ ፍሪጅ ስር። ድምፁ እንቅልፍ ይነሳኛል። አብሽሩ፣ እርስዎ እንኳ ይረፉ።"

ታያላችሁ? እኔ እሷን ደስ ይበላት ብዬ አሰማታለሁ፣ እሷ እኔን ደስ ይበለው ብላ ትሰማለች። ነቀልኩት። አምፖሎቹን መለስኩ፣ ሂሳቡም ወረደ። ዘይነባ ደግሞ ከድጃ ስትመለስ የምትለብሳቸውን ቀሚሶች አጣጥፋ ፍሪጁን ሞላችው። እንግዲህ አስረዱኝ፣ ባዶ ሆኖ ሲበላ ከርሞ፣ ሲሞላ መብላቱን ተወ! (አድማጮቹ ሳቁ፣ አንዱም ጠየቀ።)

"እና ከድጃ ተመለሰች፣ አባባ?"

መጣች፣ አልሃምዱሊላህ። ፍሪጁን ከፍታ ቀሚሶቿን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። ይኸው፣ ይሄም እስከ ዛሬ አልገባኝም።