የእንደራሴው ክንድ

እናንተዬ፣ አራዳ አቡጀዲ የሚሸጡት አቶ ጥላዬ ክንዳቸው ከዶሮ ክንፍ ያጥራል። ጨርቅ የሚለካው በክንድ ነውና፣ ለሠርጌ የእጀ ጠባብ ጨርቅ ልገዛ ስሄድ የአክስቴን ልጅ ሸንቁጤን ይዤ ሄድኩ፤ እሱ ሳያጎነብስ ቁርጭምጭሚቱን የሚያክ ሰው ነው። ለካ አቶ ጥላዬን መኳንንቱ መርጠው ምክር ቤት አስገብተዋቸዋል! ሸንቁጤ ክንዱን ሲዘረጋ ካባቸውን አራገፉና፣ «አንተ፣ ያንን ሰብስብ! ምክር ቤት የምቀመጠው በእናንተ ፈንታ አይደለም እንዴ? እንግዲህ የእኔ ክንድ የሁላችሁም ክንድ ነው» ብለው ራሳቸው ለኩልኝ። ባለካባን ማን ይሟገታል?

የሠርጌ ዕለት አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ እጀ ጠባብህ ምነው እንብርትህ ላይ ቀረ?» አሉኝ።

«ምን ላድርግ እማማ፣ ምክር ቤት የተወከልኩት እስከዚህ ድረስ ነው» አልኳቸው።