ስሜን ሊገዛ የመጣው ነጋዴ

በስሜ ሱቅ ከፍቼ ለሠርግና ለጉባኤ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ሰሞኑን «ምሥራቅ» የሚባል የስልክ መደብር ያለው ነጋዴ መጣና፣ «እትዬ አስቴር፣ ዕቃው ይቅርብኝ፤ የሱቅዎን ስም ይሽጡልኝ» አለኝ። ትላልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስመ ጥር የድምፅ ማጉያ አምራቾችን እንደሚገዙ አንብቤ፣ ራሳቸው መሥራት እየቻሉ ለምን ይሆን ስል ከርሜያለሁ፤ መልሱ በእግሩ መጣልኝ።

«አንተ ስም የለህም?» አልኩት።

«የእኔን ሲሰሙ ስልክ ሻጭ ይሉኛል፤ የእርስዎን ሲሰሙ ሳይሞክሩ ይከራያሉ። ማጉያ አስመጣለሁ፤ ይሄን እምነት ግን ከየት አመጣለሁ?»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ለካ ስንት ዓመት ድንኳን ጥግ ከአሮጊቶች ጋር ተቀምጬ ድምፁ እንደሚደርሳቸው ሳረጋግጥ የሠራሁት ይሄንን ነው።

«ማጉያህ ሠርግ መሃል ቢያፏጭ የምሰደበው እኔ ነኝ። ስሜን ከፈለግክ እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ በጆሮዬ ያላለፈ ዕቃ ከመደብርህ አይወጣም።»

«እንዴ፣ አለቃዬ ሊሆኑ ነው?»

«አሁን ገባህ» አልኩት።