ከበሩ ወዲህ፣ ከበሩ ወዲያ

(ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ የሙሽራዋ የትርሲት አንደኛ ሚዜ ኅሊና የሳሎኑን በር ከውስጥ ዘግታ፣ ጀርባዋን አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ የሙሽራው የዳግም አንደኛ ሚዜ መክብብ ከደጅ ሆኖ በበሩ ስንጥቅ ያናግራታል፤ በሁለቱም ወገን ከበሮው ደምቋል።)

መክብብ፦ ኧረ ክፈቱልን! ሙሽራው ደጅ ሊያድር ነው እንዴ?

ኅሊና፦ አልችልም።

መክብብ፦ እሺ፣ ገባኝ። ምን ይደረግልሽ? ይንበርከክ ካልሽ ይንበረከካል።

ኅሊና፦ አልችልም ነው ያልኩት።

መክብብ፦ ይኸው ተንበረከከ! አየሽው? ሱፉ እኮ ትናንት ነው ከልብስ ሰፊ የወጣው።

ኅሊና፦ መክብብ፣ እባክህ፣ እኔ ይኼን አልፈልግም።

መክብብ፦ አልፈልግም አለች! ጭራሽ ባሰባት። ዳግም፣ ሁለተኛውንም ጉልበት!

ኅሊና፦ አታንበርክከው! ምንም አልጠየቅሁም። መነሳት አልችልም ነው የምልህ።

መክብብ፦ ከየት ነው የማትነሺው?

ኅሊና፦ ከወለሉ።

መክብብ፦ ወለል ላይ ተቀምጠሻል? በዚያ ቀሚስ?

ኅሊና፦ ቀስ ብለህ ተናገር። አሞኛል።

መክብብ፦ አሞኛል ስትይ… የሰርግ ነው የእውነት?

ኅሊና፦ የእውነት። ከትናንት ጀምሮ። ሰውነቴ ይቃጠላል፣ ሆዴ ይገለባበጣል፣ ጉልበት የሚባል ነገር የለኝም። በሩን ልይዝ ስቆም ዓይኔ ጨለመብኝና ተንሸራትቼ ቁጭ አልኩ። ያው ቀረሁ።

መክብብ፦ እና እዚያ ያለው ሰው ሁሉ አያይሽም?

ኅሊና፦ ያያል። ብልሃት መስሏቸው ነው። የትርሲት አክስት እትዬ ጥሩዬ "እንዲህ ነው በር መያዝ!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። ጠዋት ደግሞ "ይቺ ድምፅ እንኳ የሌላት ልጅ ናት በር የምትይዘው?" ሲሉ ነበር።

መክብብ፦ እኛም ጋ ስምሽ ገኗል። የዳግም አጎት "ስንት ሰርግ ውዬ እንዲህ ያለች ክፉ ሚዜ አላየሁም" እያሉ ነው።

ኅሊና፦ እስከ ዛሬ ማንም ክፉ ብሎኝ አያውቅም።

መክብብ፦ ደስ አለሽ እንዴ?

ኅሊና፦ ትንሽ።

መክብብ፦ በይ አሁን አንዷን ጥሪና ታንሳሽ፣ በሩ ይከፈት።

ኅሊና፦ አይሆንም። እትዬ ጥሩዬ ከሰሙ መኝታ ቤት ያለችው ትርሲት ትሰማለች።

መክብብ፦ ብትሰማስ?

ኅሊና፦ አታውቃትም። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ዶርም ነበርን። የመጨረሻው ፈተና ጠዋት አሞኝ ወደቅሁና ፈተናዋን ትታ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። በእኔ የተነሳ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም፤ እኔ ነኝ የማነሳው። ዛሬም እንዲህ ሆኜ ካየችኝ በቬሎዋ ሐኪም ቤት ወረፋ ትይዛለች። ሰርጓም በእኔ ምክንያት እንዲስተጓጎል አልፈልግም።

መክብብ፦ አሁን ሰርጉን ማን ያስተጓጎለ መሰለሽ? ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው እየጠበቀ ነው።

ኅሊና፦ እሱን እያሰብኩ ነው ይበልጥ የሚያመኝ።

መክብብ፦ ከውስጥ ሌላ ሰው ይክፈተውና አንቺ ተቀመጪ።

ኅሊና፦ እትዬ ጥሩዬ "አንደኛ ሚዜዋ ካልፈቀደች ማንም በሩን እንዳይነካ" ብለው ቆመዋል። ደግሞ እኔ ከኋላው ተቀምጬ እንዴት ይከፈታል? ይልቅ አንድ ነገር እናድርግ። በሩን ቀስ አድርገህ ግፋ፤ እኔ በተቀመጥኩበት እየተሳብኩ ዞር እላለሁ። አሸንፋችሁ የገባችሁ ይመስላል።

መክብብ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ኅሊና፦ በቃ ግፋ።

መክብብ፦ ቆይ አንዴ።

ኅሊና፦ ግፋ እንጂ!

መክብብ፦ አልችልም።

ኅሊና፦ ምን አልክ?

መክብብ፦ አልችልም።

ኅሊና፦ ታሾፍብኛለህ? እኔ እዚህ ላብ አጥምቆኛል።

መክብብ፦ ሙች እውነቴን ነው። እስካሁን በሩን ስገፋ የነበርኩ መስሎሻል? ተደግፌው ነው የቆምኩት።

ኅሊና፦ አሞሃል?

መክብብ፦ ቀስ ብለሽ ተናገሪ!

ኅሊና፦ ከመቼ ጀምሮ?

መክብብ፦ እኔም ከትናንት ጀምሮ። ኋላዬ ያሉት "በርታ መክብብ!" እያሉ ጀርባዬን ይደልቁኛል፤ በደለቁኝ ቁጥር ያለው ሁሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ይመለሳል።

ኅሊና፦ ሌሎቹ ሚዜዎች ታዲያ ለምን አይገፉም?

መክብብ፦ ከበሩና ከእነሱ መሀል ያለሁት እኔ ነኝ። እንዳትነግሪያቸው።

ኅሊና፦ ሐሙስ ማታ ሚዜዎች ስንተዋወቅ፣ ሐይቁ ዳር…

መክብብ፦ አታንሺብኝ!

ኅሊና፦ ጥሬው ዓሣ ነው።

መክብብ፦ ስሙን አትጥሪው አልኩሽ እኮ!

ኅሊና፦ እኔ አልበላም ብዬህ ነበር።

መክብብ፦ አላልሽም።

ኅሊና፦ በሆዴ ብያለሁ።

መክብብ፦ በሆድሽ ያልሽውን እኔ በየት ልስማው?

ኅሊና፦ "ሐዋሳ ድረስ መጥተሽ ጥሬ ዓሣ ሳትቀምሺ አትሄጂም" ብለህ የሚለበልበው ዳጣ ውስጥ ነክረህ አጎረስከኝ። እንደምንም ዋጥኩት። ደገምከኝ። ሰው ሁሉ እያየ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ሦስተኛውንም ጨመርክ።

መክብብ፦ የወደድሽው መሰለኝ። ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ነበር።

ኅሊና፦ ያ እኮ ለቅሶ ነው!

መክብብ፦ እኔ ደግሞ አፍራ ነው ብዬ፣ ላበረታታሽ የቀረውን ሳህን ብቻዬን ጨረስኩት።

ኅሊና፦ የእጅህን ነው ያገኘኸው።

መክብብ፦ አግኝቻለሁ። እባክሽ ሌላ አትጨምሪበት።

ኅሊና፦ ሽቶውን ይዘኸዋል?

መክብብ፦ ኪሴ ውስጥ ነው። እንደገባሁ የትርሲትን እናት እረጫለሁ፣ ከዚያ አክስቶቿን…

ኅሊና፦ እንዳትረጭ! ያ ሽታ አፍንጫዬ ከደረሰ እዚሁ እናቷ ፊት ነው የማስመልሰው።

መክብብ፦ እኔስ? ክዳኑን እንኳ ፈርቼ አልከፈትኩትም። ግን ሽቶ ያልረጨ ሚዜ ምን ይባላል?

ኅሊና፦ ጨዋ ይባላል። አሁን ቀጥ ብለህ ቁም፣ እኔ ዞር ልበል።

መክብብ፦ ቀጥ ካልኩ እወድቃለሁ። አንቺ ቀድመሽ ዞር በይ።

ኅሊና፦ ቀድሜ ዞር ካልኩ ላዬ ላይ ነው የምትወድቀው።

መክብብ፦ ታዲያ እንዲህ ተደጋግፈን ልንኖር ነው?

ኅሊና፦ ዝም በል፣ እትዬ ጥሩዬ መጡ። …ደህና ነኝ እትዬ። አዎ፣ ይዤዋለሁ። …ኧረ አይርበኝም፣ በጭራሽ። …መክብብ!

መክብብ፦ ምነው?

ኅሊና፦ "ለጉልበትሽ" ብለው ሊያጎርሱኝ ነው።

መክብብ፦ ምን?

ኅሊና፦ ክትፎ።

መክብብ፦ እምቢ በያቸው! በሆድሽ ሳይሆን በአፍሽ!

ኅሊና፦ እሳቸውን እንዴት እምቢ ልበል? ቅቤው በክንዳቸው እየወረደ ነው። ደረሱ። ይቅርታ አድርግልኝ።

መክብብ፦ ለምኑ?

ኅሊና፦ ዞር ልል ነው።

መክብብ፦ ቆይ! ግድግዳውን እስክይዝ ቆዪ… እግዚኦ!

ኅሊና፦ ተጎዳህ?

መክብብ፦ እንጃ። ጀርባዬ ላይ ያለው የማን እግር ነው?

ኅሊና፦ የዳግም አጎት ናቸው። አሁን ደግሞ ከበሮ መቺዋ። ወደ ግድግዳው ተጠጋ፣ ሙሉ ሰርገኛው በላይህ እያለፈ ነው።

መክብብ፦ የምን ሽታ ነው?

ኅሊና፦ ሽቶው ኪስህ ውስጥ ተሰብሯል። አትተንፍስ።

መክብብ፦ አልተነፍስም። እትዬ ጥሩዬ ምን እያሉ ነው የሚጮኹት?

ኅሊና፦ "በሩንም ያዘች፣ ሚዜውንም ጣለች!" እያሉ ነው። ክትፎውን አንዱ ሰርገኛ ጎረሰው።

መክብብ፦ ነፍሱን ይማር። ሙሽራዋስ?

ኅሊና፦ ወጣች። ዳግም እጇን ይዟታል። ቀና እንዳትል፣ እንዳታየን።

መክብብ፦ ፊቴ ምንጣፉ ውስጥ ነው፣ ወዴት ቀና ልበል?

ኅሊና፦ አለፈች! ቬሎዋ ፊቴን ዳሶኝ አለፈ፣ ግን አላየችንም። መኪና ውስጥ ገባች እንዴ? ከዚህ አይታየኝም፣ አንተ ወደ ደጅ እይልኝ።

መክብብ፦ ገባች። ዳግምም ገባ። በሩ ተዘጋ።

ኅሊና፦ ተመስገን።

መክብብ፦ ድምፅሽ ግን ደስ ያለው አይመስልም።

ኅሊና፦ ደስ ብሎኛል። ብቻ… አንደኛ ሚዜዬ የት አለች ሳትል መሄዷ።

መክብብ፦ እንዳታይሽ አይደል እንዴ ስትማጸኚ የነበረው?

ኅሊና፦ ነው። አውቃለሁ። በቃ ተወው።

መክብብ፦ ኅሊና።

ኅሊና፦ እ?

መክብብ፦ የመኪናው በር ተከፈተ።

ኅሊና፦ ማን ወረደ?

መክብብ፦ ትርሲት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ "ኅሊና የታለች?" እያለች ነው።

ኅሊና፦ ደህና ናት በላት! ውሃ ልትጠጣ ገብታ ነው በላት!

መክብብ፦ ወለል ላይ ተዘርሬ ማን ያምነኛል? አየችን በቃ። …አሁን ዳግምንም እያስወረደችው ነው።

ኅሊና፦ እሱን ደግሞ ለምን?

መክብብ፦ የኋላውን ወንበር ለእኛ እንዲለቅ። "መጀመሪያ ክሊኒክ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን" አለች።

ኅሊና፦ ሙሽራው ታዲያ በምን ሊሄድ ነው?

መክብብ፦ ባጃጅ አስቆመ።