ሳይቀመስ የተሠራው አስኳል

ከሜክሲኮ ወደ አብነት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ልጅ የታቀፈች ወጣትና አንዲት አሮጊት ያወራሉ።

«እግሩ እንዴት ጠንካራ ነው!» አሉ አሮጊቷ።

«አይ እማማ፣ ሁለት ዓመት አልፎትም አልቆመም ነበር እኮ። ቫይታሚን ዲ አንሶት አጥንቱ ለስልሷል አሉኝ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ጠብታ ሰጡት። ከዚያ የእንቁላል አስኳል፣ ዓሣ፣ የጠዋት ፀሐይ። ሁዳዴ የገባ ሰሞን ነበር። እኔ ሥራ ስውል የሚያበሉት አማቴ ናቸው።»

«በሁዳዴ እንቁላል?»

«ጾም ከተያዘ ቤታቸው እንቁላል ገብቶ አያውቅም። እምቢ ይላሉ ብዬ ስፈራ ራሳቸው ገዝተው መጡ።»

«ወይ ጉድ!»

«ሁዳዴን ሙሉ ዓሣውንም አስኳሉንም የሠሩለት እሳቸው ናቸው። ጨው አንድ ቀን በዝቶ አያውቅም።»

«ሳይቀምሱ?»

«ሳይቀምሱ! እጃቸው ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ መቼ ቆመ?»

«የፋሲካ ዕለት። አማቴ ሊፈስኩ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ ልጁ የያዘውን ሶፋ ለቀቀና ድክ ድክ እያለ ሄዶ፣ በእጁ የያዘውን አስኳል አጎረሳቸው።»

አሮጊቷ የልጁን እግር ሳሙ።

ልደታ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት የነበረብኝ እኔ፣ ትዝ ያለኝ አብነት ስንደርስ ነው።