ወንዝ የወሰደው ኪታብ

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የምታጠናውን ተማሪ ያናግራሉ።

«ምን ታነቢያለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«ታሪክ ነው አባባ፤ ፈተና አለብን። የባግዳድ ኸሊፋዎች እንዴት እንደወደቁ ነው።»

«ማን ጣላቸው ይላል?»

«ሞንጎሎች። ኪታቡን፣ መጽሐፉን ሁሉ ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ውሃው በቀለም ጠቁሮ ነበር ይባላል።»

«የእኛ ወንዝ እንኳን አልጠቆረም።»

«የእናንተ?»

«አባቴ ጊኒር የተማሩ ሼህ ነበሩ። አንድ ሳጥን ሙሉ ኪታብ ትተው ሞቱ። ከልጆቻቸው ዐረብኛ የሚያነብ የለም። ያረጀ ቁርአን አይጣልም፣ ለወራጅ ውሃ ነው የሚሰጠው ብለን፣ ቢስሚላህ እያልን እዚህ ከፊታችን ያለው ወንዝ ውስጥ ለቀቅነው።»

«ደንቡ እንደዚያ አይደል? ምን አጠፋችሁ?»

«በኋላ አባቴ ያስተማሩት ደረሳ መጣ። ‹ኪታቦቹስ?› አለን። ለካ ቁርአኑ አንድ ብቻ ነበር። ሌላው የመድኃኒት ዕውቀቱ፣ የባሌ ታሪክ፣ የአባቶቻችን ትውልድ፤ ሁሉንም አባቴ በእጃቸው ነበር የጻፉት።»

«አውቃችሁ አይደለም እኮ፣ አባባ። እንደ ሞንጎሎቹ አይደላችሁም።»

«ሞንጎሎቹማ ጠላት ነበሩ፣ ልጄ። እኛ ግን የሼሁ የገዛ ልጆች ነን።»

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሽማግሌው ፊታቸውን ከመስኮቱ ሲያዞሩ እኔም አብሬ አዞርኩ።