ካርታው ላይ የቀረው መጽሐፍ ቤት

ሰሞኑን ፒያሳ ከአንድ የሣር ጠባቂ ጋር ተጣላሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አገሬ ገብቼ፣ በልጅነቴ መጽሐፍ እየተከራየሁ ያነበብኩበትን የጋሽ ሰይድን መጽሐፍ ቤት ስልኬ ካርታ ላይ ብፈልገው ብቅ አለልኝ። እሱን እየተከተልኩ ከአራት ኪሎ በእግሬ መጣሁ። «ደርሰዋል» ሲለኝ የቆምኩት አዲስ የተተከለ ሣር ጫፍ ላይ ነው።

«እማማ፣ ሣሩን እንዳይረግጡብኝ!» አለ ጥበቃው።

«እዚህ የነበረው መጽሐፍ ቤትስ?»

«ፈርሷል፤ ሰፈሩም ተነሥቷል። እኔ የተቀጠርኩት ለሣሩ ነው፤ ስለ መጽሐፍ የነገረኝ የለም።»

ደሜ ፈላ። ይኼኔ ስልኬ ላይ «ይህ ቦታ አሁንም አለ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ጥበቃው አንገቱን አስግጎ አነበበና ሳቀ።

«የለም ይበሉትና ይገላገሉ እንጂ!»

«ያፈረሰው ይበል፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አልኩና «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

«ኧረ እማማ! ሰው አምኖ ይመጣል እኮ!»

«ይምጣ! መጥቶ የት እንዳደረሳችሁት አንተን ይጠይቅህ።»