«ግጥሙን ማን ሰጠህ?»

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና ማሲንቆውን ያቀፈ ወጣት ተቀምጠዋል።

«ከላላ ከተማ ሰርግ ላይ ቋጣሪ፣ ስስታም ብለህ የዘፈንክብኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ አባባ። ግጥሙ ግን የእኔ አይደለም። አንዱ እድምተኛ በጆሮዬ ሰጠኝ፣ እኔ ተቀብዬ ዘፈንኩት።»

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ማን ነው የሰጠህ?»

«በአላህ አይያዙኝ። አልናገርም።»

«ድንኳን ሙሉ ሰው ሲስቅብኝ ዋለ እኮ!»

«አብሽሩ፣ ሳቁ ያልፋል። የሰጠኝን ሰው ካወጣሁት ግን ከእንግዲህ ማንም ግጥም አይሰጠኝም። አዲስ አበባ ምሽት ቤት የሠራሁትም፣ ተመልሼ በዚህ አገር ስሜን ያስጠራሁትም አፌን ይዤ ነው።»

«በድምፅህ መስሎኝ!»

«ድምፅማ ያለው ሞልቷል።»

ሽማግሌው ወደ ወጣቱ ጠጋ አሉ።

«አሁንስ ወዴት ነህ?»

«ወግዲ፣ ሰርግ።»

«እኔም እዚያው ነኝ። ግጥሙን ሰጠህ ብዬ የጠረጠርኩት ሰውዬም አይቀርም።»

«ይምጣ።»

«እኔ የሰጠሁህንስ ለማንም አትናገርም?»

«ለማንም።»

«እስቲ ጆሮህን ወዲህ በል።»

መውረጃዬ ደርሶ አለፈ፤ እኔ ግን «ወራጅ» አላልኩም።